ሮበርት ስሞልስ፦ ከባርነት እስከ ሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስሞልስን የሚያውቁት አብዛኞቹ ሰዎች የሚያውቁት መርከብ ይዞ ያመለጠ ባሪያ ሆኖ ነው። እውነት ነው፣ አምልጧል። ያኔ ግን ገና 23 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ብዙውን ዕድሜውን የፈጀውም በፖለቲካ ነው። እዚህ ያሉት መልሶች ወደዚያኛው ዕድሜው ያደላሉ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባጭሩ ማን ነበር?

ኤፕሪል 5 ቀን 1839 ቢዩፈርት በምትባል የሳውዝ ካሮላይና የባሕር ዳር ከተማ በባርነት ተወለደ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የመርከብ ካፒቴን ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ የግዛቱን አዲስ ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ሰዎች አንዱ ነበር። ቀጥሎ የግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባል፣ ከዚያም የግዛቱ ሴናተር ሆነ። በኋላ ዋሽንግተን ኮንግረስ ገባ። በፌብሩዋሪ 1915 እዚያው በተወለደባት ከተማ አረፈ።

ልጅነቱ ምን ይመስል ነበር?

እናቱ ሊዲያ ፖላይት የሄንሪ መኪ ቤት አገልጋይ ነበረች። ልጇን የወለደችው ከጌቶቿ ቤት ጀርባ ባለች ጎጆ ውስጥ ነው። ጌታው ልጁን ይወደው ስለነበር ሮበርት ከእርሻው ልፋት ርቆ አደገ። ይህ ደግሞ እናትየውን አሳሰባት። ባርነት ምን እንደሆነ ሳይገባው እንዳያድግ ብላ፣ ሰዎች ወደሚሸጡበትና ወደሚገረፉበት ቦታ ወስዳ አሳየችው ይባላል።

12 ዓመት ሲሆነው ጌታው ወደ ቻርልስተን ሰደደው። እዚያ ጌታው ለሌሎች እያከራየው ይሠራ ጀመር። ደመወዙን የሚወስደው ጌታው ነው፤ ለልጁ የሚተርፈው በሳምንት 1 ዶላር ብቻ። አስተናጋጅ ሆነ፣ የመንገድ መብራት ለኮሰ፣ ወደብ ላይ ጭነት ተሸከመ። ሸራ መስፋት፣ ገመድ ማሰር፣ በመጨረሻም የመርከብ መሪ መያዝ ተማረ።

በ1856 ሃና ጆንስን አገባ። እሷም ባሪያ ነበረች፤ ሆቴል ውስጥ ትሠራ ነበር። በዘመኑ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ነው የሚወስደው። ሴት ልጅ ሲወለድላቸው እሷም የሃና ጌታ ንብረት ሆነች ማለት ነው። ስሞልስ ሚስቱንና ልጁን ገዝቶ ነጻ ለማውጣት ጠየቀ። ዋጋው 800 ዶላር ተባለ። ገንዘቡ ሳይሞላለት ጦርነቱ መጣ።

መርከቧን እንዴት ይዞ አመለጠ?

መርከቧ ፕላንተር ትባላለች። ለደቡቦቹ፣ ማለትም ባርነትን ይዘው ከአሜሪካ ለተገነጠሉት ለኮንፌዴሬቶቹ፣ መሣሪያ የምታመላልስ የእንፋሎት መርከብ ነበረች። መሪዋን የሚይዘው ስሞልስ ነው። የቻርልስተንን ወሽመጥ ጥልቀቱን፣ ፈንጂ የተቀበረበትን፣ የምሽጎቹን የይለፍ ምልክት በቃሉ ያውቃል።

ሜይ 12 ቀን 1862 ማታ ነጩ ካፒቴንና ሁለቱ መኮንኖቹ ትእዛዝ ጥሰው የብስ ላይ ሊያድሩ ወረዱ። ስሞልስና ጓዶቹ ይህን ቀን ሲጠብቁት ነበር። ከተያዝን እጅ አንሰጥም፣ መርከቧን ከነነፍሳችን እናሰምጣለን ተባብለዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተነሡ። መንገድ ላይ ቆመው ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን አሳፈሩ።

ስሞልስ የካፒቴኑን የገለባ ባርኔጣ አደረገ። እንደ ካፒቴኑ አቋቋም ቆመ። ምሽግ በደረሱ ቁጥር ትክክለኛውን የፊሽካ ምልክት ነፋ። ከሁሉም የሚያስፈራው ፎርት ሰምተር ነበር፤ ጎሕ ሊቀድ ሲል በዚያም አለፉ። ከመድፍ ርቀት ከወጡ በኋላ የኮንፌዴሬቱን ባንዲራ አውርደው ነጭ አንሶላ ሰቀሉ። ኦንዋርድ የተባለችው የሰሜኖቹ መርከብ ልትተኩስባቸው ስትል አንሶላው ታየላት። 16 ሰዎች ነጻ ወጡ። ከነሱ ጋር መድፎችና የኮንፌዴሬቱ የምልክት መጽሐፍ ተገኙ።

ከዚያስ በጦርነቱ ምን ሠራ?

ለሰሜኖቹ ሆኖ ያንኑ ባሕር መራላቸው። በኦገስት 1862 ዋሽንግተን ሄዶ ፕሬዚዳንት ሊንከንንና የጦር ሚኒስትሩን ስታንተንን አነጋገረ። ጥያቄው ጥቁሮች ወታደር ሆነው ይዋጉ የሚል ነበር። ሲመለስ እስከ 5,000 ጥቁሮችን ለመመልመል የሚያስችል ትእዛዝ ይዞ መጣ። በኤፕሪል 1863 ቻርልስተን ላይ በተደረገው ጥቃት ኪዮከክ የተባለችውን የብረት መርከብ ይመራ ነበር። መርከቧ ከ90 ጊዜ በላይ ተመታች፤ በማግስቱ ጠዋት ሰጠመች፤ እሱ ተረፈ። በኋላ የፕላንተር ካፒቴን ተደረገ።

ሳይማር እንዴት ፖለቲከኛ ሆነ?

ተማረ እንጂ። ደቡብ ውስጥ ባሪያን ማንበብ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ስለዚህ በባርነት ሳለ ፊደል አልቆጠረም። በ1864 ፕላንተር ለጥገና ፊላደልፊያ ስትገባ ወራት አገኘ። አስተማሪ ቀጥሮ ማንበብና መጻፍ ተማረ።

እዚያው ከተማ አንድ ቀን በፈረስ ከሚጎተተው የከተማ ባቡር ውስጥ ከመቀመጫህ ተነሥ ተባለ። ስሙ በጋዜጣ የወጣ የጦርነት ጀግና ነው፤ ግን ጥቁር ነው። ወርዶ በእግሩ ሄደ። ነገሩ ወሬ ሆኖ ከተማዋን አንጫጫ። የጥቁሮችን ተቃውሞም አጠናከረ። በ1867 ፔንስልቬኒያ በከተማ ባቡር ውስጥ ጥቁርን መለየት በሕግ ከለከለች።

ቢዩፈርት ሲመለስ መሬቱ ተለውጧል። የሰሜኑ ጦር አካባቢውን ከኖቬምበር 1861 ጀምሮ ስለያዘው የእርሻ ጌቶች ሸሽተዋል። ነዋሪው አብዛኛው ጥቁር ነው። ቋንቋው ጉላ (Gullah) የሚባለው የባሕር ዳርቻው ጥቁሮች ቋንቋ ነው፤ ስሞልስ አፉን የፈታው በሱ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ የሚሰማው የራሱን ሰው ነበር። ሱቅ ከፈተ፣ ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት የሚሆን ሕንፃ እንዲገዛ አደረገ፣ የሪፐብሊካን ፓርቲን አደራጀ። ለጥቁሮች ያኔ የሊንከን ፓርቲ ማለት ያ ነው።

በ1868ቱ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምን አደረገ?

ለኔ የሕይወቱ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ከመርከቧም ይበልጣል።

ከጦርነቱ በኋላ ኮንግረስ የተሸነፉትን ግዛቶች አዲስ ሕገ መንግሥት ካልጻፋችሁ ወደ ኅብረቱ አትመለሱም አላቸው። የሳውዝ ካሮላይናው ጉባኤ በጃንዋሪ 1868 ቻርልስተን ላይ ተከፈተ። ከተወካዮቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ከጥቂት ዓመት በፊት ሰው በጨረታ ይሸጥ በነበረበት ከተማ ማለት ነው።

ስሞልስ እዚያ ያቀረበው ሐሳብ ስለ ትምህርት ነው። ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት የሕዝብ ትምህርት ቤት ይቋቋም አለ። ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች በዓመት ቢያንስ ስድስት ወር ይማሩ፣ ልጁን የማይልክ ወላጅም ይቀጣ ሲል ጠየቀ። ከአራት ዓመት በፊት ፊደል የቆጠረ ሰው ነው ይህን የሚለው።

ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ለሁሉም ልጆች ክፍት የሆነ የነጻ ትምህርት ግዴታ በግዛቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጻፈ። ይህ ለነጭ ድሃም የመጣ ነገር ነው። ከጦርነቱ በፊት ለሱም ልጅ ቢሆን በቂ የሕዝብ ትምህርት ቤት አልነበረም። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለሥልጣን ንብረት ሊኖርህ ይገባል የሚለው አሮጌ ደንብም በዚሁ ሕገ መንግሥት ቀረ።

በግዛቱ ምክር ቤትስ?

ከ1868 እስከ 1870 በተወካዮች ምክር ቤት ተቀመጠ። በ1870 የቢዩፈርቱ ሴናተር ጆናታን ጃስፐር ራይት የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ሲሾም (በአሜሪካ የግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው) ስሞልስ በቦታው ሴኔት ገባ። እስከ 1874 ቆየ። ለዜጎች እኩል መብት የወጣውን ሕግ ከገፉት አንዱ ነበር። በግዛቱ ሚሊሺያም እስከ ሜጀር ጄኔራልነት ደርሷል።

ሰውዬው እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ግን በ1876 ክረምት በኮምባሂ ወንዝ የሆነው ነገር ነው። ያኔ ኮንግረስ ውስጥ ነበር። የሩዝ እርሻ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ደመወዝ የሚሰጣቸው በጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ የእርሻው ሱቅ ብቻ የሚቀበለው ወረቀት ነበር። ሱቁ ደግሞ ዋጋውን እንደፈለገ ይቆልላል። የታጠቁ ነጮች ተሰበሰቡ። አንድ ጥይት ቢተኮስ እልቂት ነው። ስሞልስ ሄደ፣ መሐል ገባ፣ አድማ መቺዎቹን አነጋገረ። የሚፈለጉት በሰላም እጃቸውን ሰጡ፣ ቢዩፈርት ተወሰዱ፣ ተለቀቁ። ደም አልፈሰሰም። በዚያው ክረምት በሃምበርግ ከተማ ጥቁር ሚሊሺያዎች ከተያዙ በኋላ ተረሽነዋል። ስለዚህ የኮምባሂውን ነገር ቀላል አድርጎ ማየት አይቻልም።

ጉቦ በልቷል የሚባለው እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ ሸፋፍኖ ማለፍ አልፈልግም።

በ1877 ስሞልስ ተከሰሰ። ክሱ በ1872 የሴኔቱ የሕትመት ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳለ ለአንድ የሕትመት ውል 5,000 ዶላር ተቀብሏል የሚል ነው። ዋናው ምስክር የሴኔቱ ጸሐፊ የነበረውና የሕትመት ድርጅቱን ይመራ የነበረው ጆሴፈስ ዉድረፍ ነው። ይህ ሰው ራሱ ሸሽቶ ከሌላ ግዛት ተይዞ የመጣ፣ መስክር እንጂ አንነካህም የተባለ ነው። ፍርድ ቤቱ ስሞልስን ጥፋተኛ ብሎ ሦስት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ፈረደበት። ይግባኝ አለ። በ1879 የዲሞክራቱ (ያኔ የደቡብ ነጮች ፓርቲ ነው) ገዥ ዊልያም ሲምፕሰን ምሕረት አደረገለት። ምሕረቱ የመጣው በስምምነት ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት በበኩሉ በምርጫ አመጽ በተከሰሱ ነጮች ላይ የያዘውን ክስ ተወ።

በዚያ ዘመን በግዛቱ የሕትመት ውል ውስጥ ከፍተኛ ዝርፊያ ነበር። ይህ የሚካድ አይደለም፤ ነጩም ጥቁሩም ሪፐብሊካኑም ዲሞክራቱም እጁን ከቶበታል። ግን የክሱን ጊዜ እዩት። በ1877 የፌዴራል ወታደሮች የሪፐብሊካኑን የግዛት መንግሥት መጠበቁን ተዉ፣ ዲሞክራቶቹ ግዛቱን ያዙ፣ ወዲያው የጥቁር መሪዎችን ስም ማጉደፍ ያዙ። ያ ፍርድ ቤት ነጻ ነበር ብዬ አላምንም። የሚያሳስባቸው የተከሳሹ ወንጀል ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ክሱን ለሌላ ክስ መለወጫ አያደርጉትም ነበር።

የቢዩፈርት መራጭ በበኩሉ መልሶ መልሶ መርጦታል።

ኮንግረስ ውስጥ ስንት ጊዜ ተመረጠ?

ለአምስት የምርጫ ዘመን አገልግሏል፤ ግን እየተቋረጠ ነው። መጀመሪያ በ1875 ገባ፣ የመጨረሻው በ1887 አበቃ። በመሐል ተሸነፈ፣ ተጭበረበረ፣ ተከራክሮ አስመለሰ፣ የሞተ ሰው ወንበር ሞላ። በ1880 በጆርጅ ቲልማን ተሸንፈሃል ሲባል ውጤቱን ተቃወመ፤ ኮንግረሱ በጁላይ 1882 ወንበሩን ሰጠው። የምርጫ ዘመኑ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩ ማለት ነው።

የምርጫ ዘመቻ ያኔ ሕይወትን አስይዞ ነበር። ቀይ ሸሚዝ የለበሱ፣ ጠመንጃ የያዙ የዲሞክራት ፈረሰኞች ስብሰባውን ይበትናሉ። በ1878 ጊሊሰንቪል ላይ ብዙ ሆነው መጡበት። ስሞልስ ከሰዎቹ ጋር ሱቅ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። በየመንደሩ ያሉ ጥቁሮች ወሬው ሲደርሳቸው ያገኙትን ይዘው ጎረፉ፤ ፈረሰኞቹ ለቀው ሄዱ።

ጥቁሮች ብዙ ከሆኑ እንዴት ድምፃቸውን ተነጠቁ?

በጠመንጃም በወረቀትም። የወረቀቱን አንዱን ላሳያችሁ። በ1882 ግዛቱ የስምንት ሣጥን ሕግ የሚባል አወጣ። ለእያንዳንዱ ሥልጣን የየራሱ የድምፅ ሣጥን ይኖራል። የገዥው ድምፅ የገዥው ሣጥን፣ የኮንግረሱ የኮንግረሱ ሣጥን ውስጥ ካልገባ ውድቅ ነው። ሣጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ሰው የቱ የቱ እንደሆነ አያውቅም። አንዱ ለሌላው እንዳይነግረው ደግሞ ሣጥኖቹን እያፈራረቁ ያስቀምጣሉ። ማንበብ ለሚቸግረው ነጭ መራጭ አስመራጩ ሊረዳው ይችላል። ሕጉ ላይ ጥቁር የሚል ቃል አልተጻፈም።

ስሞልስ በ1868 ለምን ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይል እንደነበር እዚህ ላይ ይገባኛል።

በ1895 ምን ሆነ?

ገዥ የነበረውና ያኔ የአሜሪካ ሴናተር የሆነው ቤን ቲልማን አዲስ የሕገ መንግሥት ጉባኤ አስጠራ። ዓላማውን አልደበቀም፤ ጥቁርን ከምርጫ ማውጣት ነው። ከ160 ተወካዮች ጥቁሮቹ ስድስት ነበሩ፤ አምስቱ ከቢዩፈርት። አንዱ ስሞልስ ነው፤ 56 ዓመቱ ነበር። የ1868ቱን ሕገ መንግሥት የጻፈ እጅ አሁን ሲፈርስ ለመቃወም መጣ።

የቲልማን ወገን ሐሳብ ይህ ነበር። መራጭ ከሕገ መንግሥቱ የተሰጠውን አንቀጽ ያንብብ ወይም ሲነበብለት ያስረዳ፣ ወይም 300 ዶላር የሚያወጣ ግብር የተከፈለበት ንብረት ይኑረው። የገባውና ያልገባው ማን እንደሆነ የሚወስነው ነጭ መዝጋቢ ነው። ስሞልስ ተነሥቶ ይህ ጥቁርን ለመግፈፍ የተሠራ ወጥመድ መሆኑን በግልጽ ነገራቸው። እንዲህም አለ፦ «ዘሬ የተለየ ጥብቅና አያስፈልገውም። በዚህች አገር ያሳለፈው ታሪክ ከየትኛውም ሕዝብ እኩል መሆኑን ይመሰክራል። የሚፈልጉት በሕይወት ትግል ውስጥ እኩል ዕድል ብቻ ነው።»

ሌላም አደረገ። ጉባኤው በጥቁርና በነጭ መካከል ጋብቻ ይከልከል ሲል፣ ስሞልስ ማሻሻያ አቀረበ፦ ከጥቁር ሴት ጋር የሚኖር ነጭ ማንኛውንም የመንግሥት ሥልጣን አይያዝ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ብዙዎቹ የባሪያ ጌቶች ልጆች ናቸው። የማን ልጅ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማሻሻያው ወደቀ።

ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። ስሞልስ አልፈርምም አለ። ካልፈረምክ የጉዞ አበልህ ይቀራል ሲባል፣ ከምፈርም ወደ ቢዩፈርት በእግሬ ብሄድ እመርጣለሁ ብሎ መለሰ ይባላል።

የጌታውን ቤት ገዛ የሚባለውስ?

ገዝቷል። በጦርነቱ ጊዜ የሸሹ ባለቤቶች የፌዴራል ግብር ስላልከፈሉ ቤቶቻቸው በጨረታ ተሸጡ። ስሞልስ ፕሪንስ ጎዳና ላይ ያለውን፣ ከጀርባው የተወለደበትን ቤት ገዛ። በኋላ ቤቱ የኛ ነው የሚሉ ሰዎች ከሰሱት። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1878 ለስሞልስ ተፈረደ። ፍርዱ በዚያ ዓይነት ጨረታ ለገዙ ሌሎች ሰዎችም መተማመኛ ሆነ። የቤተሰቡ ሰዎች ሲያወሩት፣ የቀድሞ እመቤቱ አርጅታና አእምሮዋ ተዳክሞ ወደ ቤቱ ስትመጣ አስገብቶ አስቀምጧታል። ቤቱ ዛሬም አለ፤ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ለመርከቧ ተከፍሎታል?

በ1862 የደረሰው 1,500 ዶላር ነው፤ መርከቧ ከምታወጣው በጣም ያነሰ ነበር። ለዓመታት ጠየቀ። በ1900 ኮንግረስ 5,000 ዶላር ፈቀደለት፤ 38 ዓመት ቆይቶ።

የመጨረሻ ዓመቶቹን በምን አሳለፈ?

በቢዩፈርት ወደብ የጉምሩክ ሹም ነበር። በ1889 ተሾመ፣ በመሐል ተቋርጦ እስከ 1913 ሠራ። በዚያው በ1913 በግድያ የተጠረጠሩ ሁለት ጥቁሮችን ነጮች ተሰብስበው ሊሰቅሏቸው ሲሉ፣ ስሞልስ ከንቲባውን አስጠነቀቀ፤ ሰዎቹ ከተነኩ ከተማዋ ትቃጠላለች፣ ሰው በየቦታው አሰማርቻለሁ አለው። ከንቲባውና ሸሪፉ ሕዝቡን በተኑ። ስሞልስ 74 ዓመቱ ነበር። መቃብሩ በከተማዋ ታበርናክል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው።

ጆርጅ ቲልማንና ቤን ቲልማን አንድ ሰው ናቸው?

አይደሉም፤ ወንድማማቾች ናቸው። ጆርጅ ታላቁ ነው፤ ለኮንግረስ ወንበር ከስሞልስ ጋር ሲፋለም የኖረው እሱ ነው። ቤን የ1895ቱን ጉባኤ የመራው ነው። ጆርጅም በዚያ ጉባኤ ተወካይ ስለነበር ስሞልስ ሁለቱንም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው የገጠማቸው።